ባቡሩ ሳይመጣ ቃሉ መጣ

ልጅ ሆኜ ጎንደር፣ ቀሐ ወንዝ ዳር ስንኖር እናቴ እህሉን አበጥራ፣ በጆንያ ቋጥራ «ባቡር ቤት አድርሰህ አስፈጭተህ ና» ትለኝ ነበር። ባቡር ማለት ለኔ ወፍጮ ነው። የሚንቀጠቀጥ ቆርቆሮ ቤት፣ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት የለበሰ ሰውዬ፣ ጣሪያውን ቀዶ የወጣ ጭስ ማውጫ፣ «ቱፍ ቱፍ ቱፍ»። በኋላ ትምህርት ቤት፣ መጽሐፍ ላይ በሐዲድ የተደረደሩ ፉርጎዎች ስዕል አየሁ፤ ከሥሩ «ባቡር» ይላል። እጄን አውጥቼ «መምህር፣ ይሄ ምን ምን ይፈጫል?» አልኩ። የክፍሉ ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

አሁን ግን ለዚያ ልጅ ጥብቅና እቆማለሁ። ቃሉ መጀመሪያም ሐዲድ ማለት አልነበረም። ፈረንሳዮች እንፋሎትን «ቫፐር» ይላሉ፤ ያ ቃል በቱርክና በዓረብ አፍ ዞሮ «ባቡር» ሆኖ ደረሰን። በእንፋሎት የሚሄድ መርከብም ባቡር ነበር፤ «ምድር ባቡር» እያልን የምንለየውም ለዚህ ነው። በምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ አዲስ አበባ ያስገባው፣ ያለ ሐዲድ መንገድ ላይ የሚንከባለለው የእንፋሎት ሞተርም «የሰርኪስ ባቡር» ተብሏል። እንግዲህ ወፍጮውስ ባቡር ቢባል ምን ነውር አለው?

እኛ ጎንደሮች ቃሉን ከወፍጮ ጋር ተቀበልን፤ ሐዲዱን ግን እስከ ዛሬ አላየነውም። የሚያስገርመው፣ በዚህ ቀጣና የመጀመሪያው ሐዲድ የተነጠፈው በኛው ሰው ምክንያት ነው። በቋራው ካሳ፣ በአፄ ቴዎድሮስ።

እንግሊዞች ቴዎድሮስ ያሰራቸውን ዜጎቻቸውን እናስፈታለን ብለው በጄኔራል ናፒየር መሪነት ሲዘምቱ ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ሰፈሩ። ወደ 13,000 ወታደር፣ ከዚያ የሚበልጥ ጓዝ ተሸካሚ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የጭነት ከብት፣ ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች። ዙላ ደግሞ የሚጠጣ ውሃ የለውም፤ መርከቦቹ የባሕሩን ውሃ አፍልተው፣ እንፋሎቱን አቀዝቅዘው ነበር ለሠራዊቱ ውሃ የሚያደርሱት። ስንቁን ከባሕሩ እስከ ተራራው ግርጌ እስከ ኩማይሌ ለማጓጓዝ ከሕንድ ሐዲድና ትንንሽ የእንፋሎት ባቡሮች አምጥተው 18 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር ዘረጉ። ከዚያ በላይ በቅሎና ዝሆን ነው። የቴዎድሮስ አምባ መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ወደቀች፣ ንጉሡም ራሱን አጠፋ። ዘመቻው ሲያበቃ ሐዲዱ ተነቀለ። (ያው ቴዎድሮስ መቅደላ ከመውደቋ ከዓመት ከጥቂት ወራት በፊት ጎንደርን ማቃጠሉን አልረሳሁም። ጎንደሬ ቴዎድሮስን ሲያነሳ ይኮራል፣ ቀጥሎ ትንሽ ዝም ይላል።)

ዙላ ላይ የዋሉት «ታንክ» የሚባሉት ዓይነት ባቡሮች ነበሩ። ስሙ የጦር ታንክ አይደለም፤ የውሃ ጋን ነው። ዛሬ ጣሪያችን ላይ እንደምንሰቅለው ሮቶ በሉት።

ባቡር የውሃ ጋን ለምን እንደሚያስፈልገው ለመረዳት ጀበናን አስቡ። ቡናው ሲንተከተክ እንፋሎቱ ውታፉን ገፍቶ ሊያስፈነጥረው ይታገላል። በውታፉ ቦታ ፒስተን አድርጉ፣ ፒስተኑን ከጎማ ጋር በብረት ዘንግ አያይዙት፤ ባቡር ሠራችሁ። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ «ቹፍ ቹፍ» የምንለው እሱ ነው። ሲወጣ ጭሱን ይዞ ስለሚሄድ ከታች አዲስ አየር እሳቱ ውስጥ ይሳባል። ስለዚህ ባቡሩ ዳገት ላይ ባቃሰተ ቁጥር እሳቱ ይበልጥ ይፋፋማል፤ ወናፍ የሚነፋ ሰው አያስፈልገውም። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነስቻለሁ።

መዘዙ ግን እዚያው ላይ ነው። በጭስ ማውጫ የወጣ ውሃ አይመለስም፤ ባቡር ሁልጊዜ ይጠማዋል። ትልልቆቹ ውሃና ከሰላቸውን በሌላ ጋሪ ከኋላ ይጎትታሉ። ታንኩ ግን ከምንጭ እንደምትመለስ አህያ ነው፤ ጀሪካኑን ግራና ቀኝ ራሱ ላይ ይጭናል። አጭር ስለሆነ ጠባብ ኩርባ ላይ ይታጠፋል፤ ማዞሪያ ሳይፈልግ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይሄዳል። የውሃው ክብደትም ጎማውን ሐዲዱ ላይ ስለሚጫነው ዳገት ላይ ቶሎ አይንሸራተትም። ጉድለቱ ውሃው እየቀነሰ ሲሄድ ጉልበቱም አብሮ መሳሳቱ ነው፤ በየጣቢያው ቆሞ ካልጠጣ ሩቅ አይዘልቅም።

ይህ ባቡር ተራራ ላይ የተፈተነው ከዙላ ብዙም ሳይርቅ ነው። ጣሊያኖች ከምጽዋ ተነስተው እ.ኤ.አ. በ1911 አስመራ ያደረሱት መስመር በሐዲዶቹ መካከል ያለው ስፋት 95 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ 143.5 ነው። ጠባብነቱ ስስት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሐዲድ ሲጠብ ኩርባው ያጥራል፣ ኩርባው ሲያጥር ተራራውን ከመናድ ይልቅ ወገቡን እየታከኩ መውጣት ይቻላል። ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ የወረደ ሰው ይገባዋል፤ መኪናው ሲታጠፍ የራስህን ጅራት የምታይ ይመስልሃል። ያንን በብረት ጎማ፣ በብረት ላይ አስቡት። በ118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከባሕር ወለል ተነስቶ ወደ 2,400 ሜትር ይወጣል፤ ጎንደር ካለችበት ከፍታ በላይ ማለት ነው። 30 ዋሻ፣ 65 ድልድይ አለው።

የዚህ ዳገት ጌቶች እ.ኤ.አ. በ1938 ጄኖቫ ላይ አንሳልዶ የሠራቸው፣ 442 የሚባሉት ናቸው። ታንክ ናቸው፤ ግን የስዊሱ መሐንዲስ አናቶል ማሌ ባወጣው ዘዴ ጎማቸው ለሁለት ተከፍሏል፤ የፊተኛው ክፍል ኩርባ ላይ ለብቻው ይታጠፋል። እንፋሎቱም ሁለቴ ይሠራል። መጀመሪያ ከኋላ ያሉትን ትንንሽ ሲሊንደሮች ይገፋል፣ ከዚያ ደከም ብሎ ወደ ፊት ሄዶ ትልልቆቹን። ፎቶ ስታዩ ፊት ለፊት ግራና ቀኝ በርሜል የሚያክል ነገር ካለ እሱ ነው። እንፋሎቱ ሁለቴ መሥራቱ፣ ሁለተኛው ቡና ከዚያው አተላ እንደሚወጣው ሁሉ ነው!

መስመሩ በኤርትራ የነጻነት ጦርነት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ቆመ። ሐዲዱ ተነቅሎ ለምሽግ ጣሪያ ዋለ፤ የደርግ ወታደርም ታጋዩም ነቅሏል። እ.ኤ.አ. በ1994 መልሶ መሥራት ሲጀመር የተጠሩት ጡረታ የወጡት የባቡር ሠራተኞች ናቸው፤ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሰዎች። ከምሽግ የተለቀመ ሐዲድ እያቀኑ፣ ከአሮጌ ባቡር ብረት እየፈቱ ለሌላው እየገጠሙ እ.ኤ.አ. በ2003 አስመራ ደረሱ። ከዚያ ወዲህ ባቡሩ በአብዛኛው የሠራው ለጎብኚ ነው። ለኔ ከማሽኑ ይልቅ የሽማግሌዎቹ እጅ ነው ቅርሱ። እነሱ ባይኖሩ ያ ሁሉ ብረት ቁርጥራጭ ነበር።

ወደኛ ልመለስ። አዲስ አበባን በ1917 (እ.ኤ.አ.) ከጅቡቲ ያገናኘው የአንድ ሜትር ሐዲድም ለአሥርተ ዓመታት በእንፋሎት ነው የሠራው፤ ከተሞቻችን ላይ «ለገሃር» የሚል ስም ትቷል፤ ድሬዳዋን ደግሞ ከተማ አድርጓታል። በሰሜን በኩል የአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ከወረታ በአዘዞ በኩል መተማ የሚደርስ መስመር ወረቀት ላይ አስፍሮ ነበር። አዘዞ ከቀሐ ምን ያህል ነው? ታክሲ አንዴ ተይዞ የሚደረስበት ነው። ሐዲዱ ግን አንድ ክንድ እንኳ አልተነጠፈም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በፊት ከጎንደር ወደ አስመራ ለሥራም፣ ለውትድርናም፣ ለንግድም የሄደ ብዙ ሰው አለ። ከአባቶቻችሁ፣ ከእናቶቻችሁ፣ ከጎረቤታችሁ አዛውንት መካከል ከአስመራ ወደ ምጽዋ በዚያ ባቡር የወረደ ካለ ጠይቁልኝ፦ ውሃ ለመቅዳት ሲቆም የት ነበር የሚቆመው? ተሳፋሪው ወርዶ ምን ይገዛ ነበር? ፊሽካው እንዴት ነበር የሚጮኸው? በስልካችሁ ድምፃቸውን ቅዱና ላኩልኝ፤ ይህን ወር ሳታሳልፉ።