በሞርሳ የተጨመቀ ጠገራ «ስህተት ያለበት ብር» አይደለም

ዛሬ ሱቄ የመጣ አንድ ልጅ አንጀቴን አሳርሮኛል። ጁባ ወደብ ላይ ከጀልባ ከወረደ ሰው ጠገራ ብር ገዝቷል። «ሲታተም የተሳሳተ ነው፣ ውጭ አገር በሚሊዮን ይሄዳል» ተብሎ የብሩን ዋጋ እጥፍ ድርብ ከፍሏል። ወርቅና ብር ሠሪ ነኝ፤ ሳየው ገባኝ። እናንተም እንዳትበሉ ቶሎ ልጻፍ።

1. መስመር ካያችሁ በጥፍራችሁ ዳብሱት። ማተሚያው ብረት ሲሰነጠቅ ብሩ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፤ ሳንቲሙ ላይ ከፍ ያለ መስመር ይወጣል። ሰርጎ የገባ መስመር በአብዛኛው ጭረት ነው።

2. የተገለበጠ ምስል። የልጁ ብር ላይ፣ በንስሩ በኩል፣ የንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ፊት ግራው ቀኝ ሆኖ ወደ ውስጥ ሰርጓል። እውነተኛው ስህተት የሚፈጠረው ቀድሞ የታተመው ሳንቲም ማተሚያው ላይ ተጣብቆ ሲቀር ነው። ቀጣዩ ጥሬ ብር የሚያርፈው በማተሚያው ላይ ሳይሆን በዚያ ሳንቲም ላይ ነው። ያኔ ንስሩ ከየት ይመጣል? ማተሚያው ተሸፍኗል እኮ! ልጁ ብር ላይ ግን ንስሩ ክንፉ ተደፍጥጦ አለ። አንድ ሰው ሁለት ጠገራ ደርቦ ሞርሳ ውስጥ አጥብቋል፤ በቃ። ይህን ሚዛንም አይነግራችሁም፤ ብሩ እውነተኛ ስለሆነ 28 ግራሙን ይመዝናል። ማጭበርበሩ ያለው ምስሉ ላይ ነው። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ደህና ጠገራ አበላሽተው፣ የሰው ላብ ይበላሉ!

3. ቀኑ ስህተት አይደለም። ጠገራው ላይ ያለው 1780 እ.ኤ.አ. ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ቦምቤይ ሲታተም ማንም አልቀየረውም። የጃንሆይ ሳንቲሞችም 1936 ዓ.ም. እንደተባሉ ለብዙ ዓመታት ታትመዋል። የምኒልክ ብር አንበሳ በአንዱ ቀኝ፣ በሌላው ግራ እግሩን ማንሳቱም የቅርጽ ለውጥ ነው። ብሩን ወደ ጎን ስታዞሩት አንበሳው ቢዘቀዘቅ የፓሪስ ማተሚያ ቤት አሠራር ነው፤ ቪዲዮ አትሥሩበት።

የደርቡሽ ገንዘብም ይመጣልኛል። ረጃፍ እዚሁ ጁባ አጠገብ ነው፤ እስከ 1897 እ.ኤ.አ. የደርቡሽ ጦር ነበረበት። የደርቡሾቹ መሪ ኸሊፋ አብዱላሂ ኦምዱርማን ላይ ያሳተመው ገንዘብ ከመሐል የሸሸ፣ ድርብ የተመታ፣ ፊደሉ የጎደለ ነው። ብሩም ከዓመት ዓመት እየሳሳ በመጨረሻ መዳቡ በለጠ። አብዛኛው እንዲህ ከሆነ ጠማማነቱ ዋጋ አይጨምርም።

ያየኋቸው ሙዚየሞችስ? ሳንቲሙን መስታወት ውስጥ ከተው አንዱን ፊት ብቻ ያሳያሉ፤ ክብደቱን አይጽፉ፣ የት እንደታተመ አይጽፉ። ባንኮች ስለ ሐሰተኛ የወረቀት ገንዘብ ያስጠነቅቃሉ፤ ስለ አሮጌ ሳንቲም የሚናገር ግን የለም። ክፍተቱን ቲክቶክ ሞላው፤ ልጆቹም ደሞዛቸውን ከሰከሱ።

ጠገራ «ስህተት አለበት» ብሎ ለሚያቀርብላችሁ ሰው ገንዘብ አታውጡ። መጀመሪያ ሁለቱንም ፊት፣ ጠርዙንም ጨምራችሁ ፎቶ ላኩልኝ። በነጻ አይላችኋለሁ።