የመስኖን ብቃት በቡሽና በአካፋ መለካት

በአምቦና በጉደር አካባቢ በበጋ ሽንኩርት የሚያለማ ማኅበር ውኃ አነሰን ሲል፣ ወንዙ ከመወቀሱ በፊት ቦዩ ይለካ እንላለን። ቀጥ ባለ ቦይ ላይ 10 ሜትር ተለክቶ ቡሽ ይለቀቃል። ቡሹ በ25 ሴኮንድ ከደረሰ፣ ውኃውም 40 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው፣ በሴኮንድ 27 ሊትር ያህል ያልፋል (የገጹ ውኃ ከሥረኛው ስለሚፈጥን በ0.85 አባዝተናል)። በዚያው ጧት በማሳው መግቢያ 18 ሊትር ቢገኝና በመካከል የጠለፈ ከሌለ፣ ሲሶው በመንገድ ቀርቷል። የራስጌና የግርጌ አባላት ጠብ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይነሣል።

ማሳው ከጠጣ በ2ኛው ቀን የትልሙ ራስና ጫፍ በአካፋ ይቆፈር። ሽንኩርት ውኃ የሚስበው በአብዛኛው ከላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ነው። እርጥበቱ በራሱ በኩል ከዚያ እጅግ ጠልቆ በጫፉ 15 ላይ ከቆመ ትልሙ ረዝሟል፤ ማሳጠር ነው።