ደጋው ሲሞቅ ወፎቹ ወዴት ይሸሻሉ?

ወባ የሚይዘው ሰውን ብቻ አይደለም። ወፎችም የራሳቸው ወባ አላቸው፤ ወደ ሰው አይተላለፍም። በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል በምትገኘው ሃዋይ ግን ይህ በሽታ ከዚያ ውጭ የትም የማይገኙ የደን ወፎችን ዘር እየጨረሰ ነው።

ሃዋይ ጥንት ትንኝ አልነበረባትም። በ1826 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ትንኟ በመርከብ የውሃ በርሜል ውስጥ ሆና ገባች። የወባው ተህዋሲ ደግሞ ቆይቶ ከውጭ ከመጡ ወፎች ጋር ደረሰ። በሽታውን ለምደው የማያውቁት የአገሬው ወፎች መቋቋም አቃታቸው። ተህዋሲው ቀይ የደም ሕዋሶችን ስለሚያጠፋ ወፉ ደም ያንሰዋል፤ ይዝላል፤ መብላት ያቅተዋል። ላባው ደማቅ ቀይ፣ መንቆሩ ቆልማማ የሆነው ኢኢዊ የተባለው ወፍ በሽታውን በያዘች አንዲት ትንኝ ከተነከሰ የመሞት ዕድሉ 90 በመቶ ገደማ ነው።

አሳማዎችም ሳያውቁት ትንኟን ያግዛሉ። ጫካ የገቡ አሳማዎች ለምግብ ብለው የትልልቅ ፈርኖችን ግንድ ይቦረቡራሉ። ዝናብ ሲጥል ጎድጓዳው ግንድ ውሃ ያቁራል፤ የትንኝ እጭም እዚያው ያድጋል።

የቆላን ወባ ሸሽቶ ደጋ መስፈርን እኛም እናውቀዋለን። የሃዋይ የደን ወፎችም በአብዛኛው የተረፉት ከ1,500 ሜትር በላይ ባለው ብርዳማ ደን ነው። ሙቀቱ ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ተህዋሲው በትንኟ ሰውነት ውስጥ አያድግም። አሁን ግን አየሩ እየሞቀ ትንኟ ሽቅብ እየወጣች ነው። ከሃዋይ ደሴቶች አንዷ የሆነችው የካዋይ ከፍተኛው ጫፍ 1,600 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ ወዲያ መሸሻ የለም። አኪኪኪ የተባለው የዚያ ደሴት ወፍ በ2023 ዱር ውስጥ የቀረው 5 ያህል ብቻ ነበር።

ተስፋ የተጣለው በራሷ በትንኟ ላይ ነው። ወንድ ትንኝ አይነክስም። ወልባኪያ የተባለ ባክቴሪያ የተለየ ዝርያ ያለባቸው ወንዶች ተራብተው ይለቀቃሉ፤ ከዱሯ ሴት ጋር ሲገናኙ እንቁላሏ አይፈለፈልም። በሌላዋ የሃዋይ ደሴት በማዊ ከ2023 ጀምሮ በሄሊኮፕተር እየተበተኑ ነው። ሆኖም ወንዶቹ ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ ልቀቱ ከተቋረጠ ትንኟ መልሳ ትራባለች። ትንኟን ያመጣው ሰው ነውና ገንዘቡም ትጋቱም ሳይቋረጥ ሊቀጥል ይገባል።