አደይ እንዲያብብ የግቢ ሣር መቼ ይታጨድ?

ባሕር ዳር ላይ ሰኔ የጀመረው ዝናብ ነሐሴ ሳይወጣ የግቢውን ሣር ጉልበት ያደርሰዋል። ብዙ ሰው ታዲያ ግቢው ለእንቁጣጣሽ እንዲያምር ብሎ ጳጉሜን ላይ ከሥሩ ያሳጭደዋል። ሊያብብ ጥቂት ቀን የቀረው አደይም አብሮ ይሄዳል። አደይ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል ተክል ነው። ዘሩን ሳይጥል ከታጨደ ለከርሞ የሚወጣው ያንሳል።

ታዲያ ሣሩ አይታጨድ? ይታጨድ እንጂ፤ ወሩ ብቻ ይለወጥ።

የመጀመሪያው አጨዳ ሰኔ ላይ ነው። ያኔ አደይ ገና ጥቃቅን ቡቃያ ስለሆነ ሣሩ ካጠረለት ብርሃን ያገኛል። ማጭዱን መሬት አያስነኩት፤ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። ቡቃያው ከሥር ያመልጣል። ሰርዶን የመሰለ ሣር ከታች ስለሚያድግ መታጨድ አይጎዳውም። ቀጥ ብሎ የሚያድግ ቅጠለ ሰፊ አረም ግን የሚያድገው ከጫፉ ነው። ጫፉን ባጣ ቁጥር ይደክማል።

ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ማጭዱን ይስቀሉ። ሣሩ ሲረዝም እባብ ቢገባስ? ስጋቱ ተገቢ ነው። ስለዚህ የቤቱን ዙሪያና መተላለፊያውን ሁልጊዜ አጭር ያድርጉ፤ አደዩን በአጥሩ በኩል ይተዉት። ግቢውም ባለቤት ያጣ አይመስልም።

ሁለተኛው አጨዳ ኅዳር ላይ ነው። የደረቀውን የአበባ ራስ በጣትዎ ይሹት። ጠቆር ያለ ቀጭን ዘር ከረገፈ ደርሷል። ያጨዱትን ሁለት ሦስት ቀን እዚያው እያገላበጡ ያድርቁት፤ ዘሩ መሬት ይወርዳል። ከዚያ ድርቆሹን ያንሡ። ከበሰበሰ አፈሩን ያዳብራል፤ በዳበረ አፈር ላይ ደግሞ ሣሩ አደዩን ይውጠዋል። ዩሪያም ለዚሁ ሲባል አይጨምሩ። ሐይቁ ዳር ከሆኑማ ጎርፍ አጥቦ ጣና የሚያስገባው ማዳበሪያ የሚቀልበው እንቦጭን ነው።

በግቢዎ አደይ ጭራሽ ከሌለ ከመንገድ ዳር የደረሰ ዘር ይልቀሙ። ግንቦት መጨረሻ ላይ መሬቱን ጫር ጫር አድርገው ይበትኑት።

ማጨድ የማይበግረው አረም አለ፤ ቅንጬ አረም፣ በሳይንሱ ስም ፓርቴኒየም። አበባው ጥቃቅንና ነጭ ነው። ሲታጨድ ከሥር አቆጥቁጦ አጠር ብሎ ያብባል። አንዱ ተክል ከ10,000 በላይ ዘር ሊሰጥ ይችላል። መድኃኒቱ ዝናብ መሬቱን ሲያርሰው፣ ሳያብብ፣ ከነሥሩ መንቀል ነው። ቆዳ ስለሚያሳክክ ጓንት ያድርጉ።

ወጪውስ? ማጭድ ካለዎት ጉልበት ብቻ ነው። ሰው ከቀጠሩ በዓመት የሁለት አጨዳ የቀን ሒሳብ ይከፍላሉ። ላም ያለው ጎረቤት ካለ ግን ድርቆሹን ለራሱ ወስዶ በነፃ ሊያጭድልዎት ይችላል፤ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። የሚገፋ የሞተር ማጨጃ ለእንዲህ ያለ ረጅም ሣር አይሆንም፤ ይታነቃል።

ቱ ፎር ዲ የሚባለው ፀረ አረም ድካም ይቀንስ ይሆናል። ነገር ግን ሣሩን ትቶ ቅጠለ ሰፊውን ነው የሚገድለው። አደይም ቅጠለ ሰፊ ነው፤ ስለዚህ አይርጩ። ልጆችም ለመስቀል አደይ ሲቀጥፉ ጥቂቱን ለዘር እንዲተዉ ይንገሯቸው።