ውሻ ሲጠሩት የሚመጣው ለምንድን ነው?

ከጉና ተራራ ቁልቁል ወደ ወገዳ በሚዘልቀው የጋይንት፣ የእስቴና የስማዳ ምድር፣ ከብት ጋር የሚውል ውሻ ገመድ የለውም። ከእረኛው ጋር የሚያገናኘው ድምፅ ብቻ ነው። ጥሪ የማይመልሰው ውሻ ርቆ ይሄዳል፤ ርቆም ከቀበሮ ወይም ካበደ ውሻ ጋር ይነካከሳል። ካልተከተበ የእብድ ውሻ በሽታን ይዞ ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል። የዚህ በሽታ ምልክት ከታየበት በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ለማለት ይቻላል።

ለመሆኑ ውሻ ጥሪን የሚማረው እንዴት ነው? ሩስያዊው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ፣ ምግብ የሚከተለው ድምፅ ውሎ አድሮ ብቻውን የውሻን ለሃጭ እንደሚያመጣ አሳይቷል። (መጻሕፍት ደወሉን ብቻ ቢያነሡም ሜትሮኖምም ይጠቀም ነበር።) ይሁን እንጂ መምጣት እንደ ለሃጭ በራሱ የሚፈስ ነገር አይደለም፤ ውሻው የሚመርጠው ተግባር ነው። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 በድመቶች ላይ ባደረገው ጥናት እንዳመለከተው፣ እንስሳ ደስ የሚል ውጤት ያስገኘለትን ተግባር ይደግማል፤ ያላስገኘለትን ይተወዋል።

እንግዲህ በየመንደሩ የሚታየውን እናስተውል። ውሻው ጠፍቶ ይቆያል፣ ይጠራል፣ ሲመጣ በዱላ ይመታል። ባለቤቱ የቀጣው መጥፋቱን ነው፤ ውሻው የተማረው ግን መምጣት እንደሚያስመታ ነው። የሚጠራው ለመታሰር ብቻ ከሆነም ያው ነው፤ ጥሪው የነፃነቱ ማብቂያ ይሆንበታል። በእኛ አስተያየት «ይህ ውሻ እልኸኛ ነው» ከሚባሉት ብዙዎቹ ትምህርታቸውን በሚገባ የተማሩ ናቸው።

ሥልጠናው በቡችላነት፣ በግቢ ውስጥ፣ ከጥቂት እርምጃ ርቀት ይጀመራል። አንድ ቃል ብቻ ይመረጣል፤ ሲመጣ ወዲያውኑ ቁራሽ እንጀራ ይሰጠዋል። ርቀቱ ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ መጀመሪያ በረጅም ገመድ፣ ኋላም ያለ ገመድ በጎች መካከል። ከለመደ በኋላ ቁራሹን አንዳንድ ጊዜ ብቻ መስጠት ልማዱን ያጸናዋል። እንደማይመጣ እያወቁ ደጋግሞ መጥራት ግን ቃሉን ከንቱ ያደርገዋል። እምቢ ካለ ተከትሎ ማሳደድ ሳይሆን በተቃራኒው አቅጣጫ መሮጥ ይሻላል፤ ቡችላ የሚሮጥን ይከተላልና።

የድምፁም ዓይነት ዋጋ አለው። ፓትሪሽያ ማኮኔል የልዩ ልዩ ቋንቋ ተናጋሪ አሠልጣኞችን ድምፅ አጥንታ፣ አጫጭርና ተደጋጋሚ ድምፆች እንስሳን ለማንቀሳቀስ፣ ረጅምና ያልተቆራረጠ ድምፅ ደግሞ ለማርገብ እንደሚውሉ አግኝታለች። «ቡቺ፣ ቡቺ፣ ቡቺ» የሚለው ጥሪያችን ከመጀመሪያው ወገን መሆኑ ነው።

ጉዳዩ ከእረኛው ደጃፍም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች ከውሾች የተላለፈው ይኸው በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ገድሏል። በሽታውን ለመግታት ከውሾች ቢያንስ 70 በመቶው መከተብ እንዳለባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ ባለቤቱ እንኳ ሊይዘው የማይችል ውሻ ግን መርፌው ያመልጠዋል። በክትባት ዕለትም ውሻው ተጠርቶ ከመጣና ከተወጋ በኋላ ቁራሹ ሊቀርበት አይገባም፤ በሚቀጥለው ዓመትም መጠራቱ አይቀርምና።