ድንገተኛ ፍርሃት

ወደ ፒያሳ ስትሄዱ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ በሰው መካከል ታልፋላችሁ እንበል። አንዳች የሚያሰጋ ነገር ሳይኖር ልባችሁ በኃይል ይመታል፤ ትንፋሻችሁ ያጥራል፤ ጣቶቻችሁ ይደነዝዛሉ፤ «መሞቴ ነው» የሚል ሐሳብም ይመጣባችኋል። ይህ ሁኔታ ድንገተኛ ፍርሃት ይባላል።

መንሥኤው ምንድን ነው? ሰውነት አደጋ የደረሰበት ሲመስለው አድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃል፤ የልብ ምትም ይፈጥናል። ትንፋሽ ሲበዛ ደግሞ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ የራስ መዞርና የጣት መደንዘዝ የሚመጣው ከዚህ የተነሣ ነው። ስሜቱ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ያህል ውስጥ እጅግ ይበረታና ቀስ በቀስ ይበርዳል።

ስለዚህ በዚያን ጊዜ ለመሸሽ አትቸኩሉ። ይልቁንስ በ1923 ዓ.ም. የተመረቀውን የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት እየተመለከታችሁ ፈረሱን፣ ፈረሰኛውን፣ የቆመበትንም ድንጋይ በልባችሁ ዘርዝሩ፤ ትንፋሻችሁንም በዝግታ አስወጡ። የፈሩትን ስፍራ መሸሽ ለጊዜው ያሳርፋል እንጂ ፍርሃቱን አያጠፋውም፤ ዛሬ ፒያሳን የሸሸ ነገ ከደጁ መውጣት ሊሳነው ይችላል።

ሁኔታው ቢደጋገም ለወላጅ ወይም ለመምህር ንገሩ፤ ወደ ሐኪምም ሂዱ፤ ሕመሙ የልብ አለመሆኑን መርምሮ የሚያረጋግጥ እርሱ ነውና። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።