የፕላስቲክ ጆሮ፦ የተሽከርካሪ ሽፋኖች መያዣ ስብራትና የቤት ውስጥ ጥገናው

ዘመናዊ ተሽከርካሪ ከውጭ ሲታይ አንድ ወጥ አካል ቢመስልም፣ ፓራውልቱ ወይም ባምፐሩ፣ የፊት መብራቱ ቤት፣ የበሮቹ የውስጥ ልባስና የዳሽቦርዱ ክፍሎች እርስ በርሳቸውም ሆነ ከብረቱ አካል ጋር የሚያያዙት በአብዛኛው ከጣት ጫፍ በማይበልጡ የፕላስቲክ መያዣዎች ነው። እነዚህ መያዣዎች በዚህ ጽሑፍ ጆሮ ተብለው ይጠራሉ። አንዳንዶቹ ከሽፋኑ ጠርዝ ወጣ ብለው ብሎን የሚያልፍበት ቀዳዳ ያላቸው ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ደግሞ ጫፋቸው ተቆልምሞ ከትይዩው ቀዳዳ ጋር የሚቆላለፉ ናቸው። ጆሮው ሲሰበር ሽፋኑ ራሱ ምንም ሳይሆን ይላላል፣ በኮረኮንች ላይ ይንኳኳል፣ በፍጥነት ጉዞም ይርገበገባል፤ ባለንብረቱም ለአንዲት ቅንጣት ስብራት ሲል ሙሉውን ዕቃ ለመተካት የመለዋወጫ ገበያ ወደሆነው ሶማሌ ተራ ይወርዳል፣ ወይም ሽፋኑን በሽቦ አስሮ ይተወዋል። ሁለቱም አላስፈላጊ ናቸው። ጆሮ በቤት ውስጥ፣ በጥቂት ብርና በተራ መሣሪያ፣ ለዓመታት እንዲያገለግል ሆኖ ሊጠገን ይችላል፤ ጥገናው ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው ሥራው ከባድ ስለሆነ ሳይሆን ፕላስቲኩ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳይታወቅ ማጣበቂያ ስለሚቀባበት ነው።

ስብራቱ የሚጀምረው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ከጆሮው ሥር፣ ማለትም ከሽፋኑ ጋር ከሚገናኝበት ማዕዘን ነው፤ ምክንያቱም ሹል የውስጥ ማዕዘን በጆሮው ላይ የሚያርፈውን ኃይል በአንድ ቀጭን መስመር ላይ ያከማቸዋል። መንስኤዎቹ የታወቁ ናቸው፦ ብሎንን ከልክ በላይ ማጥበቅ፣ ንዝረት፣ የጠዋት ቅዝቃዜና የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር። ይህ ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ደጅ የሚያድር ተሽከርካሪ ፕላስቲክ ቆላ ካለው ይልቅ ለመድረቅና ለመሰባበር የተጋለጠ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ጆሮን የሚሰብረው ሰው ነው። የተደበቀ ብሎን መኖሩን ሳያረጋግጥ፣ ጆሮው በየትኛው አቅጣጫ እንደሚለቅ ሳያይ፣ በካቻቢቴ ጫፍ ሽፋኑን የሚፈለቅቅ ጠጋኝ በአንድ ቅጽበት የሚያደርሰው ጉዳት የዓመታት ንዝረት ከሚያደርሰው ይበልጣል። መብራት ለመቀየር ተብሎ የተነሳ ፓራውልት ሁለት ጆሮ አጥቶ መመለሱ በየጋራዡ የሚታይ ነገር ነው፤ ይህም የትዕግሥት እንጂ የመሣሪያ እጦት ውጤት አይደለም።

ጆሮ ሲሰበር የብዙው ሰው እጅ የሚሄደው ወደ ሱፐር ግሉ ነው። ይህ ማጣበቂያ በኬሚካላዊ ስሙ ሲያኖአክሪሌት ይባላል፤ በ1942 ሃሪ ኩቨር የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት በኢስትማን ኮዳክ ኩባንያ ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልግ ያገኘው ሲሆን፣ በሁሉም ነገር ላይ እየተጣበቀ ስላስቸገረ ተትቶ ቆይቶ በ1958 ለገበያ ቀርቧል። ፈሳሹ የሚጠነክረው በሚቀባበት ገጽ ላይ ባለው ቅንጣት እርጥበት አማካይነት ነው፤ በብረትና በበርካታ ፕላስቲኮች ላይ የሚሰጠው ጭበጣ ዝናው የሚገባው ነው። ስህተቱ ያለው ይህንን ዝና በፓራውልት ላይ ከመመርኮዝ ነው። የዛሬ ፓራውልቶች በብዛት የሚሠሩት ጁሊዮ ናታ የተባለው ጣሊያናዊ ኬሚስት በ1954 ሚላኖ ውስጥ ሥርዓት ባለው የሞለኪውል አሰላለፍ ካዘጋጀው፣ ከጀርመናዊው ካርል ጺግለር ጋርም የ1963ን የኖቤል ሽልማት ካስገኘለት የፖሊፕሮፒሊን ቤተሰብ ነው። ፖሊፕሮፒሊን ፈሳሾችን ወደ ራሱ የማይስብ ገጽ አለው። ንጹሕ በሆነ የፖሊፕሮፒሊን ገጽ ላይ የተንጠባጠበ ውኃ ሳይዘረጋ ተንከባሎ ይቆማል፤ ማጣበቂያም እንዲሁ ገጹን ሳይጨብጥ በላዩ ላይ ብቻ ይደርቅና ሽፋኑ እንደ ተገጠመ ወይም ትንሽ ቆይቶ ልጥ ሆኖ ይላቀቃል።

እዚህ ላይ፣ ማጣበቂያ የማይዘው ከሆነ የፓራውልቱ ቀለም እንዴት ሊይዝ ቻለ የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። መልሱ፣ ፋብሪካው ከመቀባቱ በፊት ገጹን በነበልባል ወይም በፕላዝማ ስለሚያስኬደው፣ አለዚያም ቀለምን ከፖሊፕሮፒሊን ጋር የሚያስተሳስር ልዩ የመነሻ ቅብ ስለሚጠቀም ነው። ተመሳሳይ የመነሻ ፈሳሽ ያላቸው ማጣበቂያዎች በገበያ ላይ ቢኖሩም፣ ኪዮስክ የሚሸጠው ትንሽ ቱቦ ከነዚህ ወገን አይደለም።

ፕላስቲኩ ማጣበቂያ የሚቀበል ዓይነት በሚሆንበት ጊዜ እንኳ ሁለተኛ ችግር አለ። ውፍረቱ 2.5 ሚሊሜትር፣ ስፋቱ 12 ሚሊሜትር የሆነ ጆሮ ሲሰበር የሚጋጠመው ገጽ 30 ካሬ ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ በዚህች ጠባብ ገጽ ላይ የሚያርፈው ደግሞ ጆሮውን የሚያጎብጥና የሚልጥ ኃይል ነው። ሲያኖአክሪሌት ቀጥታ መጎተትን በሚገባ ሲቋቋም፣ መታጠፍንና ድንገተኛ ምትን ግን አይችልም፤ ደረቅ ነውና ይሰነጠቃል። በጆሮው ጀርባ 20 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ተደራቢ ቢጨመር ግን የሚያያዘው ገጽ በ240 ካሬ ሚሊሜትር ያድጋል፤ ይህም ከስብራቱ ገጽ ስምንት እጥፍ ነው። የዘላቂ ጥገና ምስጢር በዋናነት እዚህ ላይ ነው፤ ስብራቱን መግጠም ብቻ ሳይሆን ከጀርባው ድጋፍ መስጠት ያስፈልጋል። በችኮላ የተቀባ ሱፐር ግሉ ከዚህም በላይ ይጎዳል፦ የደረቀው ቅሪት ለቀጣዩ ብየዳ እንቅፋት ስለሚሆን ሙሉ በሙሉ መፋቅ አለበት፣ እንፋሎቱም በጥቁር አንጸባራቂ ፕላስቲክ ላይ ነጭ ጉም ይጥላል፤ ትርፉን በጥጥ የሚጠርግ ሰው ደግሞ ጥጥና ሲያኖአክሪሌት ሲገናኙ ቆዳ የሚያቃጥል ሙቀት እንደሚፈጠር ማወቅ ይገባዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መለየት ነው። አብዛኞቹ አምራቾች አይ.ኤስ.ኦ. 11469 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት የቁሱን ምሕጻር በሽፋኑ ጀርባ ላይ፣ ጫፎቻቸው ወደ ውስጥ፣ ወደ ምሕጻሩ በሚያመለክቱ ሁለት የማዕዘን ቅንፎች መካከል ያትማሉ። በላቲን ፊደል ፒፒ ተብሎ የተጻፈው ፖሊፕሮፒሊን፣ ኤቢኤስ የተባለው በዳሽቦርድ ክፍሎችና በሞተር ሳይክል የጎን ሽፋኖች ላይ የሚበዛው ጠጣር ፕላስቲክ፣ ፒኤ የተባለው ናይለን፣ ፒሲ የተባለው ደግሞ የመብራት መስታወት የሚመስለው ፖሊካርቦኔት ነው። ከምሕጻሩ ቀጥሎ ቲዲ 20 የሚል ምልክት ካለ፣ ፕላስቲኩ 20 በመቶ የታልክ ዱቄት የተቀላቀለበት ነው ማለት ነው። ይህን ጽሑፍ ለማንበብ የሚያስፈልገው ሽፋኑን ገልብጦ ጭቃውን መጥረግ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሳያነቡ ወደ ሥራ መግባት ይቅርታ የማይደረግለት ቸልተኝነት ነው።

ጽሑፉ ከጠፋ ወይም ካልነበረ ከማይታይ ጠርዝ ትንሽ ፍቅፋቂ ወስዶ መፈተን ይቻላል። በብዙዎች ዘንድ የታወቀው የውኃ ፈተና ነው፦ የፖሊፕሮፒሊን ክብደት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 0.9 ግራም ያህል ስለሆነ ይንሳፈፋል፣ 1.05 ያህል የሆነው ኤቢኤስ ይሰምጣል። ይሁን እንጂ ይህ ፈተና በፓራውልት ላይ ያሳስታል። ታልክ የተቀላቀለበት ፖሊፕሮፒሊን ክብደቱ 1.04 አካባቢ ስለሚደርስ እርሱም ይሰምጣል፤ ሰመጠ ተብሎም ኤቢኤስ እንደሆነ ይፈረድበታል። የተሻለው ምስክር በውበት ሳሎኖች የጥፍር ቀለም ለማስለቀቅ የሚውለው አሴቶን ነው። አንድ ጠብታ በተደበቀ ቦታ ላይ ሲያርፍ ኤቢኤስ ወዲያው ይለሰልሳል፣ በጣት ሲነካም ይሞጨሙጫል፤ ፖሊፕሮፒሊንና ናይለን ግን ምንም አይሆኑም። ከዚያ በኋላ ፍቅፋቂውን ከቤት ውጭ በፒንሳ ይዞ ማቃጠል የቀረውን ይለያል፦ ፖሊፕሮፒሊን የጠፋ ሻማ፣ ናይለን የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ ኤቢኤስ ደግሞ ጥላሸት የሚበዛበት ጥቁር ጭስ ያወጣል። ጭሱን አስግጎ ማሽተት አይገባም፤ ከሩቅ የሚመጣው ሽታ ይበቃል።

የኤቢኤስ ጥገና ከሁሉም ቀላሉና እጅግ የሚያረካው ነው፤ ምክንያቱም አሴቶን ሁለቱን የስብራት ገጾች አሟሟቶ ሲተን፣ የቀረው አንድ የሆነ ፕላስቲክ እንጂ በመካከል የገባ ባዕድ ማጣበቂያ አይደለም። የኤቢኤስ ቁርጥራጮች በመስታወት ብልቃጥ ውስጥ በአሴቶን ተነክረው ሲያድሩ እንደ ማር የወፈረ ሊጥ ይሆናሉ። ቁርጥራጩን ከተጣለ ተመሳሳይ ሽፋን መውሰድ ይቻላል፤ ከ1963 ጀምሮ በኤቢኤስ የሚሠሩት ብርሃን የማያሳልፉ የሌጎ ጡቦችም ያገለግላሉ። ስብራቱ በአሴቶን ይረጥባል፣ ይገጠማል፣ በፕላስተር ይያዛል፤ ከዚያም ሊጡ ከጀርባ በስስ በስሱ፣ እያንዳንዱ ንብብር ከደረቀ በኋላ ሌላው እየተጨመረ ይቀባል። በአንድ ጊዜ ወፍሮ የተቀባ ሊጥ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ ይቀራል፣ ሲደርቅም ይሸበሸባል። ጆሮው ቢያንስ ሁለት ቀን ሳይነካ መቆየት አለበት። አሴቶን የተቀባውን ቀለም እንደሚልጥ፣ የመብራት ፖሊካርቦኔትንም በደቃቅ ስንጥቆች እንደሚያበላሽ፣ እንፋሎቱም በቀላሉ በእሳት እንደሚያያዝ መዘንጋት አይገባም።

ፖሊፕሮፒሊን ግን አሟሚ ስለማይነካው መበየድ አለበት። ለዚህም የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች ስታኞ የሚያቀልጡበት የኤሌክትሪክ መበየጃ ይበቃል። የስብራቱ መስመር ከአንድ ወገን እስከ ውፍረቱ እኩሌታ ድረስ በሰያፍ ይፋቃል፣ ከዚያም ሁለቱ ግድግዳዎችና የሚጨመረው ዘንግ በአንድነት ይቀልጣሉ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ሌላው ወገን እንዲሁ ይደረጋል። የሚጨመረው ቁስ ራሱ ፖሊፕሮፒሊን መሆን አለበት። ጋራዦች ከሚጥሉት የተሰበረ ፓራውልት በቀጭኑ የተቆረጠ ክር ተመራጭ ሲሆን፣ ከሥራቸው በሦስት ማዕዘን ውስጥ ቁጥር 5 የታተመባቸው የምግብ ዕቃዎችም በአስቸጋሪ ጊዜ ያገለግላሉ። በዚህ ረገድ የሚዘወተር አንድ ስህተት አለ፤ ይኸውም ጥርሳም የሆነውን የፕላስቲክ የሽቦ ማሰሪያ እያቀለጡ ስብራት ላይ ማፍሰስ ነው። ይህ ማሰሪያ ባብዛኛው ናይለን ነው፤ ናይለንና ፖሊፕሮፒሊን በቅልጠት አይዋሐዱም፣ ስለዚህ ወፍራምና ጠንካራ የሚመስለው ብየዳ በጥፍር ተፈንቅሎ ሙሉ ለሙሉ ይነሣል። ያማረ መስሎ የማይይዝ ጥገና ካልተጠገነው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ሽፋኑ መንገድ ላይ የሚወድቀው ባለቤቱ ተማምኖበት እያለ ነውና።

ፖሊፕሮፒሊን በ160 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል፣ ተራ መበየጃ ግን ከ300 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ፣ ጫፉ በአንድ ቦታ መቆም የለበትም። ጭስ ከታየ ሞለኪውሎቹ እየተሰባበሩ መሆኑን ያመለክታል፤ የተቃጠለ ብየዳም ይፈረፈራል። ድጋፍ የሚሆነው ዝገት የማይዘው ደቃቅ የብረት ወንፊት ሲሆን፣ ከጆሮው ተነሥቶ ሥሩን አልፎ ወደ ሽፋኑ ገላ ዘልቆ በመበየጃው ጫፍ ወደ ፕላስቲኩ ይሰምጣል፣ በላዩም ፕላስቲክ ይለብሳል። ወንፊቱ ሥሩን ካላለፈ ልፋቱ ከንቱ ነው፤ ጆሮው እንደገና እዚያው ቦታ ላይ ይሰበራል። ሲቀዘቅዝ ውኃ መድፋት ያጣምመዋል።

ጆሮው ጨርሶ ጠፍቶ ከሆነ፣ ልኩ ብዙውን ጊዜ በተሽከርካሪው ሌላ ጎን ይገኛል፤ የግራና የቀኝ ጆሮዎች በአብዛኛው የመስተዋት ግልባጭ ናቸውና በካርቶን ተለክቶ፣ ተገልብጦ ይቆረጣል። ብረት ቆርጦ መተካት የሚፈታተን ሐሳብ ቢሆንም በፊት መብራት ላይ ጥንቃቄ ያሻዋል። የመብራት ጆሮ ቀላል ግጭት ሲደርስ ቀድሞ በመሰበር ውዱን መብራት ሊያተርፍ ይችላል፤ በወፍራም ብረት የተተካ ጆሮ ግን ምቱን ወደ መብራቱ ቤት ያሳልፈዋል። አንዳንድ አምራቾች ለዚሁ ሲባል በብሎን የሚታሰር የመብራት ጆሮ ለብቻው ይሸጣሉ፤ ከተገኘ ከማንኛውም የቤት ውስጥ ጥገና ይመረጣል።

የማይነኩም አሉ። ኤርባግ የሚወጣባቸው ሽፋኖችና ከጣሪያ የሚወርደውን ኤርባግ የሚሸፍኑ የምሰሶ ልባሶች ጆሯቸውና ክሊፓቸው ኤርባጉ በሚፈነዳበት ጊዜ በተወሰነ መንገድ እንዲለቅ የተሠራ ስለሆነ፣ ማጣበቅም ሆነ መበየድ የሰው ሕይወት ያሳጣል፤ እነዚህ በአዲስ ብቻ ይተካሉ። የነዳጅ ጋንና የፍሬን ዘይት መያዣም እንዲሁ።

የተጠገነ ሽፋን ሲገጠም ቀን ላይ፣ ፀሐይ ካሞቀችው በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ የሞቀ ፕላስቲክ ሳይሰበር ይታጠፋልና። ብሎኖቹ ሁሉ መጀመሪያ በእጅ ብቻ ይያዛሉ፣ ሽፋኑ ቦታውን መያዙ ከታየ በኋላ ከተጠገነው ጆሮ ርቀው ካሉት ተጀምሮ ይጠብቃሉ። በተጠገነው ጆሮ ብሎን ሥር ሰፊ ሮንዴላ ይገባል፤ ብሎኑም ሮንዴላው ገጹን እንደነካና ክፍተቱ እንደተዘጋ ይቆማል።